ስምንት ዲቪዥን፣ አንድ ወረቀት፦ የ2025 የኤንኤፍኤል ግምት የሥራ ማስታወሻ

ጁን 8፣ እሁድ

ሥራው ይሄ ነው። ኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ 32 ቡድን አለው። ኤኤፍሲና ኤንኤፍሲ በሚባሉ ሁለት ጎራዎች (ኮንፈረንሶች) ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ኢስት፣ ኖርዝ፣ ሳውዝና ዌስት የሚባሉ አራት ምድቦች (ዲቪዥኖች) አሉ። ስምንት ዲቪዥን፣ በየዲቪዥኑ አራት አራት ቡድን። ውድድሩ ሳይጀመር ስምንቱን የዲቪዥን አሸናፊዎች ገምቶ ወረቀት ላይ መጻፍ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቡና የምንጠጣ 11 ሰዎች ከ2022 ጀምሮ ይህን ስንጫወት ቆይተናል። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 20 ዶላር ነው። ብዙ ያገኘ 220ውን ይወስዳል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሦስት ዓመት በስሜት ጻፍኩ። ዘንድሮ በሥርዓት ልሠራው ነው። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ የምውል የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለሰው ሂሳብ የማደርገውን ጥንቃቄ ለምወደው ነገር የማላደርግበት ምክንያት የለም።

ያለኝ መሣሪያ፦ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ጉግል ሺትስ እና ፓይተን ትምህርት ቤት የተማረ የ16 ዓመት ልጄ። ለመነሻ የምፈልገው ዳታ ትንሽ ነው፦ ከ2021 እስከ 2024 እያንዳንዱ ቡድን ስንት አሸነፈ፣ ስንት ነጥብ አስቆጠረ፣ ስንት ተቆጠረበት። 32 ቡድን በአራት ዓመት፣ 128 መስመር። ከደረጃ ሰንጠረዡ እያየሁ በእጄ አስገባለሁ። በእጅ ሲገባ ቁጥሩን ትለምደዋለህ።

ጁን 11

ሁለት ማታ ፈጀ። አንዱ ማታ በከንቱ ነው የሄደው።

10-7 (10 ድል፣ 7 ሽንፈት) ብዬ ስጽፍ ሺትሱ ኦክቶበር 7 አደረገው። 12-5 ደግሞ ዲሴምበር 5። መጀመሪያ አላየሁትም፤ ከላይ ሲታይ ያው 10-7 ይመስላል። የድል ድምር ስሠራ አርባ ምናምን ሺህ የሚል ቁጥር ሲመጣ ነው የነቃሁት። ቀን ማለት ለኮምፒውተሩ ትልቅ ቁጥር ነው። አሁን ድልና ሽንፈትን በሁለት የተለያዩ ኮለሞች ጻፍኩ። ከመጀመሪያውም እንዲያ መሆን ነበረበት።

ሌላ ስህተት፦ የ2024 ውድድር የሚያልቀው ፌብሩዋሪ 2025 ነው። ኢግልስ ቺፍስን 40 ለ 22 ያሸነፈበት ሱፐር ቦውል የተካሄደው ፌብሩዋሪ 9፣ 2025 ነው፤ ግን የ2024 ውድድር መዝጊያ ነው። ለአራት ቡድኖች ዓመቱን አዛብቼ ነበር። አረምኩት።

ጁን 15

ፎርሙላው። ቢል ጄምስ የሚባል የስታትስቲክስ ሰው ለቤዝቦል ካወጣው ሐሳብ የመጣ ነው። አንድ ቡድን በዓመቱ ያስቆጠረውን ነጥብ ወደ 2.37 ፓወር ታነሣለህ። የተቆጠረበትንም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ታካፍላለህ። የሚወጣው ቡድኑ ማሸነፍ የሚገባው የጨዋታ ድርሻ ነው። በ17 ስታባዛው የድል ቁጥር ይሆናል።

ለምን የድል ቁጥሩን ብቻ አላይም? ምክንያቱም በአንድ ነጥብ ማሸነፍም በሰላሳ ነጥብ ማሸነፍም እኩል አንድ ድል ነው። ኳሷ ምሰሶ ነክታ ስትወጣ አንዱ ቡድን 15-2 ይሆናል፣ ሌላው 12-5። ነጥቡ ግን አይደበቅም።

ሁለት ምሳሌ ልጻፍ፣ ፎርሙላውን እንድወደው ያደረጉኝ እነዚህ ናቸውና። በ2022 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ 13-4 ሆኖ ኤንኤፍሲ ኖርዝን አሸነፈ። ያስቆጠረው 424፣ የተቆጠረበት 427። 13 ጊዜ ያሸነፈ ቡድን በድምሩ ሦስት ነጥብ ተበልጧል ማለት ነው! በሚቀጥለው ዓመት 7-10 ሆነ። ሁለተኛው የአምናው ቺፍስ ነው። 15-2 ሆኖ ጨረሰ። ነጥቡ 385 ለ 326 ነው። ፎርሙላው የሰጠው 10.2 ድል ብቻ ነው። ወደ አምስት የሚጠጋ ድል ከየት መጣ? ከጠባብ ጨዋታዎች።

ጁን 22

ይህን ሳምንት ላበላሽ ነበር። መጻፍ ያለበት ግን ይሄ ነው።

2.37ቱ ልክ ነው ወይ ብዬ በ2.0 ሞከርኩ፣ በ2.2፣ በ2.5፣ በ2.7። ሁለት ሌሊት። በእያንዳንዱ ስምንቱን አሸናፊዎች አወጣሁ። አንድም ስም አልተቀየረም። ፎርሙላው ተሰብሯል ብዬ ሴሎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ።

ልጄ ቁርስ እየበላ ከትከሻዬ በላይ አየውና፣ «አባ፣ እኮ አይቀየርም» አለ። «ለምን?» «ካስቆጠረው ለተቆጠረበት ስታካፍል የሚበልጥ ቡድን በምንም ፓወር ብታነሣው ይበልጣል።» እውነቱን ነው። ፓወሩ የሚቀይረው ርቀቱን እንጂ ተራውን አይደለም። ሁለት እጥፍ የረዘመ ሰው በሌላ ሜትር ቢለካም አያጥርም።

ቁጥሩን ወደ አማካይ መጎተቱም እንዲያው ነው። ጠንካራ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ትንሽ ይወርዳል፣ ደካማው ትንሽ ይነሣል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ሁለት ሦስተኛ ይዤ አንድ ሦስተኛውን ከ8.5 (የ17 ጨዋታ ግማሽ) እወስዳለሁ። ይህም ተራ አይቀይርም። ግን አልጣልኩትም። ሁለት ቡድን ምን ያህል እንደሚራራቁ ማወቅ በኋላ ያስፈልገኛል።

ጁን 29

ዛሬ ፈተናው። ፎርሙላዬ ባለፉት ሦስት ዓመታት ቢኖር ስንት ያገኝ ነበር? በ2021 ነጥብ 2022ን፣ በ2022 ነጥብ 2023ን፣ በ2023 ነጥብ 2024ን ገመትኩ።

ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ማወዳደሪያዬ ጋሼ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህ አገር የመጡት ጆ ጊብስ ዋሽንግተንን በሚያሠለጥንበት ዘመን ነው። የእሳቸው ዘዴ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አምና ያሸነፈውን ጻፍ።» ሌላ ምንም። ወረቀቶቹ በሙሉ እኔ ዘንድ ፋይል ውስጥ አሉ።

ለ2022፦ ጋሼ 4፣ እኔ 4። ሁለታችንም ቢልስን፣ ቤንጋልስን፣ ቺፍስንና ባክስን አገኘን።

ለ2023፦ ጋሼ 4፣ እኔ 4። እኔ ላየንስን አገኘሁ፤ ከላይ ያልኩት የቫይኪንግስ ነገር እዚህ ላይ ሠራልኝ። ጋሼ ደግሞ ባክስን አገኙ። እኔ በዚያ ዲቪዥን ሴይንትስን አውጥቼ ነበር።

ለ2024፦ ጋሼ 6፣ እኔ 5። ልዩነቱ አሁንም ሴይንትስ ነው። በ2023 ያስቆጠረው 402፣ የተቆጠረበት 327። ባክስ 348 ለ 325። በቁጥር ማንም ሰው ሴይንትስ ይላል። ሴይንትስ 5-12 ሆኖ ጨረሰ፣ ባክስ በድጋሚ አሸነፈ።

ድምር ከ24፦ ጋሼ 14፣ እኔ 13።

ይህን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሦስት ሳምንት ሥራ፣ 128 መስመር ዳታ፣ እና የአምናውን ከመገልበጥ አንድ ያንሳል። መጀመሪያ ልተወው አሰብኩ። ቆይቼ ግን ጥያቄው ራሱ ተቀየረ። የጋሼ ወረቀት ከስምንቱ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ በነጻ ይሰጠኛል። ስለዚህ ሥራዬ ስምንት ስም ማውጣት አይደለም። መነሻው የእሳቸው ወረቀት ነው። ሥራዬ ከዚያ ላይ የትኛውን መስመር እንደምቀይር ማወቅ ነው።

ጁላይ 5

ወጪ። የተጫዋች ጉዳትና የዳኛ ውሳኔ ሳይቀር አለው የተባለ የስታትስቲክስ ገጽ በወር 15 ዶላር ከፈልኩ። የተጠቀምኩበት አንድ ቀን ነው። መሰረዙን ረስቼ ሁለተኛ ወር ተቆረጠብኝ። 30 ዶላር፤ ከመዋጮው ይበልጣል። የሚያስፈልገኝ ሁሉ በነጻ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ነበር።

ጁላይ 13

የ2024ን ነጥብ ለ2025 አስገባሁ። ውጤቱ፦

ቢልስ 11.9። ሬቨንስ 11.9። ቴክሳንስ 8.5። ኢግልስ 12.4። ላየንስ 13.0። ባክስ 11.1። እነዚህ ስድስቱ አምና ያሸነፉት ራሳቸው ናቸው። (ቴክሳንስ 372 አስቆጥሮ 372 ተቆጥሮበታል፤ ልክ ግማሽ። ተከታዩ ኮልትስ 7.3 ስለሆነ ነው የሚመራው።)

ከጋሼ ዘዴ የምለየው በሁለት መስመር ነው። በኤኤፍሲ ዌስት ፎርሙላው ቺፍስን ትቶ ብሮንኮስን ይላል፦ ብሮንኮስ 11.5፣ ቻርጀርስ 11.3፣ ቺፍስ 10.2። በኤንኤፍሲ ዌስት ራምስን ትቶ ካርዲናልስን ይላል። ራምስ 10-7 ሆኖ ከሲሆክስ ጋር እኩል ወጥቶ በመለያ ሕግ ነው ያሸነፈው። ነጥቡ 367 ለ 386፣ በ19 የተበለጠ። ካርዲናልስ 8-9 ሆኖ ሦስተኛ ወጣ፤ ነጥቡ ግን 400 ለ 379 ነው።

ብሮንኮስ የሚለው አላስቻለኝም። ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። በመጨረሻው ሳምንት ብሮንኮስ ቺፍስን 38 ለ 0 አሸንፏል። ቺፍስ በዚያን ጊዜ አንደኛነቱን አረጋግጦ ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ነበር። ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባኩ) ፓትሪክ ማሆምስ አልተጫወተም። ያ አንድ ጨዋታ የሁለቱንም ቡድን ቁጥር አጣሞታል።

ለሦስቱም የመጨረሻውን ሳምንት አወጣሁት። አዲሱ ተራ፦ ቺፍስ 11.3፣ ቻርጀርስ 11.1፣ ብሮንኮስ 10.7። ተራው ተገለበጠ!

ግን እዚህ ላይ ራሴን መያዝ አለብኝ። ጨዋታውን ያወጣሁት ምክንያት ስላለኝ ነው ወይስ መልሱ ስላልጣመኝ? በሥራዬ አንድ ደረሰኝ ስለማይመቸኝ ብቻ ከመዝገብ አላወጣም። ስለዚህ ደንብ ጻፍኩ፦ ዋናው ኳርተርባክ በጤና እያለ ለእረፍት የተቀመጠበት ጨዋታ ይወጣል፣ ለማንኛውም ቡድን። በዚህ ደንብ የቢልስም የመጨረሻ ጨዋታ ይወጣል። ጆሽ አለን አንድ ጊዜ ኳስ ተቀብሎ ወጣ፣ ፓትሪየትስ 23 ለ 16 አሸነፈ። የቢልስ ተራ አልተቀየረም። ደንቡ ግን ለሁሉም እኩል ሆነ።

ጁላይ 20

የጨዋታ መርሐ ግብር። ይህን ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፤ ከፓወሩ በፊት መምጣት ነበረበት።

እያንዳንዱ ቡድን 17 ጨዋታ አለው። ስድስቱ ከዲቪዥኑ ጋር ነው፣ ደርሶ መልስ። አራቱ ከአንድ ሌላ ዲቪዥን፣ አራቱ ደግሞ ከሌላኛው ኮንፈረንስ አንድ ዲቪዥን ጋር። እስከዚህ ድረስ የአንድ ዲቪዥን ቡድኖች የሚገጥሙት አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት በቀሩት ሦስት ጨዋታዎች ነው። እነዚያ ሦስቱ አምና በያዙት ደረጃ ይወሰናሉ፦ አንደኛ የወጣ ከአንደኞች፣ አራተኛ የወጣ ከአራተኞች ጋር።

ሦስት ጨዋታ ምን ያመጣል ብዬ ነበር። ኤንኤፍሲ ዌስትን ጻፍኩት፦

ራምስ (አንደኛ)፦ ኢግልስ፣ ላየንስ፣ ሬቨንስ። አምና ሦስቱ በድምሩ 41 ጊዜ አሸንፈዋል።
ሲሆክስ (ሁለተኛ)፦ ኮማንደርስ፣ ቫይኪንግስ፣ ስቲለርስ። 36።
ካርዲናልስ (ሦስተኛ)፦ ካውቦይስ፣ ፓከርስ፣ ቤንጋልስ። 27።
ፎርቲናይነርስ (አራተኛ)፦ ጃያንትስ፣ ቤርስ፣ ብራውንስ። 11።

41 እና 11! እነዚህንም ወደ አማካይ ጎትቼ ሳሰላው በራምስና በፎርቲናይነርስ መካከል ከአንድ ድል ትንሽ የሚበልጥ ልዩነት ያመጣል። ከዚያ በኋላ ዲቪዥኑ እንዲህ ሆነ፦ ካርዲናልስ 8.8፣ ፎርቲናይነርስ 8.3፣ ሲሆክስ 8.2፣ ራምስ 7.6። አምና ያሸነፈው ራምስ መጨረሻ ሆነ። አራቱም በአንድ ድል ከሩብ ውስጥ ታጭቀዋል።

ኤኤፍሲ ዌስት ደግሞ የባሰ ነው። ቺፍስ ቢልስን፣ ሬቨንስንና ላየንስን ይገጥማል። ብሮንኮስ ጄትስን፣ ቤንጋልስንና ፓከርስን። ሁሉንም አስገብቼ፦ ቻርጀርስ 10.0፣ ብሮንኮስ 9.9፣ ቺፍስ 9.8።

ይህን ልዩነት ቁጥር ነው ብሎ መቀበል አይቻልም። ሳንቲም 17 ጊዜ ብትወረውር ከ8.5 ወዲህና ወዲያ በሁለት ያህል ይዋዥቃል። በዕድል ብቻ። 0.1 ድል ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ጁላይ 27

በ0.1 ልዩነት ስም ከመምረጥ ዓመቱን ደጋግሞ ማጫወት ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ በሺትሱ የዘፈቀደ ቁጥር ሞከርኩ። አልሆነም። አንድ ሴል በነካሁ ቁጥር ሁሉም ቁጥር እንደገና ይቀየራል። ውጤቱን እያነበብኩ እያለ ውጤቱ ይለወጣል። ኮፒ አድርጌ ዋጋውን ብቻ ለጠፍኩ፤ ላፕቶፑ ደግሞ መንቀርፈፍ ጀመረ።

ልጄ ወደ ፓይተን እንሂድ አለ። ሄድን።

ኦገስት 3

የልጄ ፕሮግራም 10,000 ዓመት በአንድ ጊዜ ያጫውታል። የመጀመሪያ ቀን ውጤቱ ደስ የሚል ነበር። አሳሳች እንጂ ልክ አልነበረም።

ሁሌ የማደርገውን አደረግኩ፦ ድምሩን አየሁ። በአንድ ዓመት 272 ጨዋታ አለ። 32 በ17፣ ለሁለት። ስለዚህ የሁሉም ቡድን ድል ተደምሮ 272 መምጣት አለበት። የመጣው 544 ነው።

ፈልገን አገኘነው። መርሐ ግብሩን በየቡድኑ ስለገለበጥኩት እያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ገብቷል። አንድ ጊዜ በቢልስ ስር፣ አንድ ጊዜ በጄትስ ስር። በአንዱ ቢልስ ያሸንፋል፣ በሌላው ጄትስ። አንድ ጨዋታ ሁለት አሸናፊ ነበረው። ጥፋቱ የእኔ ዳታ ነው፣ የልጁ ኮድ አይደለም። ይህን ነገርኩት።

አርመን ስናስኬደው 272 መጣ። ልጄ እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

ውጤቱ የነገረን ነገር፦ ቢልስ፣ ሬቨንስና ባክስ በአብዛኛው ዓመት ያሸንፋሉ። ኢግልስም እንዲሁ፣ ኮማንደርስ ግን ሩቅ አይደለም። ላየንስና ፓከርስ ይጠጋጋሉ። ኤኤፍሲ ዌስት ሦስቱ እኩል ይካፈሉታል። ኤንኤፍሲ ዌስት አራቱም።

ቢልስ ሊሸነፍ ይችላል ማለት ቢልስን ልተው ማለት አይደለም። ባለፉት ሦስት ዓመታት በአማካይ ከሦስት በላይ ዲቪዥን አሸናፊ ቀይሯል። ዘንድሮም ሦስት ያህል እንደሚቀየር አምናለሁ። ግን ሦስት ይቀየራል ብሎ ማመንና ሦስት ስም መቀየር የተለያየ ነገር ነው። የትኛው እንደሚቀየር ሳላውቅ ጠንካራውን ብሰርዝ የምጎዳው ራሴን ነው። እርሳሴን የማነሣው ጠባብ በሆኑት ሦስት መስመሮች ላይ ብቻ ነው፦ ኤኤፍሲ ዌስት፣ ኤንኤፍሲ ዌስት፣ ኤንኤፍሲ ኖርዝ።

ኦገስት 8

ትናንት የቻርጀርስ ግራ ታክል ራሻን ስሌተር ልምምድ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። ዓመቱ አልፎታል። ግራ ታክል ማለት የኳርተርባኩን ጀርባ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ እሱ ሲጎድል ጀስቲን ኸርበርት ኳስ ለመወርወር ያለው ጊዜ ያጥራል። በነጥብ ምን ያህል ነው? ሰንጠረዤ መልስ የለውም። ግን ሦስት እኩል ቡድኖች ባሉበት አንዱን ለማውጣት ይበቃል። ቻርጀርስ ወጣ።

ቀሩ ቺፍስና ብሮንኮስ። ልጄ ብሮንኮስ ይላል፣ አጥብቆ። ኳርተርባኩ ቦ ኒክስ አምና ጀማሪ ነበር፣ ዘንድሮ ይሻላል፣ መከላከሉም ጠንካራ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ቺፍስ ከ2016 ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈበት ዲቪዥን ነው እላለሁ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ወደ መነሻው፣ ወደ ጋሼ ወረቀት እመለሳለሁ። ደንቤ ይሄ ነው። ልጄ ዘንድሮ የራሱን ወረቀት ያስገባል፤ 20 ዶላሩን ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው።

ኦገስት 17

ዛሬ ቡና ላይ ስለ ኤንኤፍሲ ኢስት ብዙ ተወራ። ይህ ዲቪዥን ለሁላችንም ቅርብ ነው። የዋሽንግተኑ ኮማንደርስ በ2023 4-13 ነበር፤ አምና በጀማሪው ኳርተርባክ ጄደን ዳንኤልስ 12-5 ሆኖ እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ደረሰ። ከቤርስ ጋር በመጨረሻው ሰከንድ የወረወራት ኳስ በሰው እጅ ነጥራ ኖዋ ብራውን እጅ ስትገባ ቡና ቤቱ ውስጥ የነበረውን ጩኸት አልረሳውም። ጋሼ ቆመው ነበር ያዩት፣ ስኒው በእጃቸው እንዳለ።

ጋሼ አምና ያሸነፈውን ይጽፋሉ ብያለሁ። አንድ መስመር ላይ ብቻ አይጽፉም። ኤንኤፍሲ ኢስት ላይ ሁሌም ዋሽንግተን ነው። ቡድኑ በጆ ጊብስ ዘመን ሦስት ሱፐር ቦውል ሲያሸንፍ አይተዋል፤ የመጨረሻው ጃንዋሪ 1992 ነው። «እኔ ሌላ ስም በእጄ አልጽፍም» አሉኝ ዛሬ።

ይህ ደግሞ ውጤታቸውን አልጎዳውም። ኢግልስ ከ2001 እስከ 2004 አራት ጊዜ ከተከታተለ ወዲህ እስከ 2024 በዚያ ዲቪዥን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። ሃያ ዓመት! ያምናውን ቢጽፉም አያገኙም ነበር።

ታዲያ ይህ ሃያ ዓመት ኢግልስን ለመሰረዝ ይበቃል? እንዲበቃ በጣም ፈለግኩ። ምክንያቱን ፈለግኩ። በመርሐ ግብሩ ነው እንዳልል ሌሎቹም ዲቪዥኖች በዚያው ሕግ ነው የሚጫወቱት፣ እነሱ ግን ይደግማሉ። ምክንያት ሳይኖረው የተደጋገመ ነገር ሰንጠረዤ ውስጥ አይገባም። ኢግልስ 12.4፣ ኮማንደርስ 10.6። ኮማንደርስ ጠባብ ጨዋታዎችን በብዛት አሸንፏል፤ እንደ 2022ቱ ቫይኪንግስ አይሁን እንጂ ያ ምልክት አለበት። ልቤ ዋሽንግተን ነው። ወረቀቱ ላይ ኢግልስ ብዬ ጻፍኩ። ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። «ያንተ ወረቀት ነው ልጄ፣ ያመንክበትን ጻፍ» አሉኝ።

ኦገስት 24

ኤንኤፍሲ ዌስት። ካርዲናልስ 8.8፣ ፎርቲናይነርስ 8.3። ፎርሙላው ካርዲናልስ ይላል፣ ግን በግማሽ ድል። እዚህ ላይ ሰንጠረዡ የማያየውን ማየት አለብኝ። የፎርቲናይነርስ የአምናው 6-11 በጉዳት የተሞላ ነበር። ዋናው ሯጭ ክርስቲያን ማካፍሪ የተጫወተው አራት ጨዋታ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በ2022ም በ2023ም ይህን ዲቪዥን ያሸነፈ ቡድን ነው፣ አሠልጣኙም ያው ካይል ሻናሃን። ፎርሙላዬ የሚያስታውሰው አንድ ዓመት ብቻ መሆኑ ትልቁ ድክመቱ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የሁለት ዓመት ነጥብ ቀላቅዬ፣ ለቅርቡ ብዙ ክብደት ሰጥቼ እሞክራለሁ። ለዘንድሮ ጊዜው አልቋል።

ፎርቲናይነርስ። የመጀመሪያው ለውጥ።

ኦገስት 28፣ ማታ

ወረቀቱን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ከሥራ ስወጣ ስልኬ ላይ አየሁት፦ ካውቦይስ ተከላካዩን ማይካ ፓርሰንስን ለፓከርስ ሰጠው። በምትኩ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ (አዲስ ተጫዋች የመምረጥ መብት) እና ተጫዋቹን ኬኒ ክላርክን ወሰደ። ውድድሩ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው!

ኤንኤፍሲ ኖርዝ ላይ ላየንስ 11.0፣ ፓከርስ 10.5 ነበሩ። ላየንስ ደግሞ የማጥቃትና የመከላከል አስተባባሪዎቹን በአንድ ክረምት አጥቷል፤ ቤን ጆንሰን የቤርስ፣ አሮን ግሌን የጄትስ ዋና አሠልጣኝ ሆነው ሄደዋል። 564 ነጥብ ያስቆጠረውን ማጥቃት የነደፈው ሰው ጆንሰን ነው። በአንድ በኩል አሠልጣኞች ወጡ፣ በሌላ በኩል ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ገባ። ግማሽ ድል ይህን አይሸከምም። መኪና ውስጥ እንደተቀመጥኩ ላየንስን ሰርዤ ፓከርስ ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ለውጥ።

ኦገስት 31፣ እሁድ

ወረቀት ተሰበሰበ። የእኔ፦ ቢልስ፣ ሬቨንስ፣ ቴክሳንስ፣ ቺፍስ፣ ኢግልስ፣ ፓከርስ፣ ባክስ፣ ፎርቲናይነርስ። ከአምናው ስድስቱ እንዳሉ፣ ሁለቱ የተቀየሩ። የልጄ ከእኔ የሚለየው በብሮንኮስ ብቻ ነው። ጋሼ ያው አምና ያሸነፉት ሰባቱና ዋሽንግተን።

ጠቅላላ ወጪ፦ 20 ዶላር መዋጮ፣ 30 ዶላር ያልተጠቀምኩበት ገጽ። ሰዓቱን አልቆጠርኩም።

ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ኢግልስና ካውቦይስ ፊላዴልፊያ ውስጥ ይጀምራሉ። እንቁጣጣሽ ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት።

አንድ መስመር ባዶ ነበር። እኩል ነጥብ ከመጣ መለያው የመጀመሪያው ሰኞ ማታ ጨዋታ አጠቃላይ ነጥብ ነው፦ ቫይኪንግስ ከቤርስ። አምና ቫይኪንግስ በጨዋታ 25.4፣ ቤርስ 18.2 አስቆጥረዋል። 43.6። 44 ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠሁ። አጥፈው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።